ጡሩንባ ነፊው ሮበሌና ፈረሱ ቦራ

ሮበሌ ሰው በሌለበት ቦታ ቢወድቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። ጉልበቱን አራግፎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ማንም አላየኝም ብሎ ፈረሱ ላይ ይወጣና መንገዱን ይቀጥል ነበር። እሱ ግን የወደቀው በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መካኒሳ ካለ አንድ የቀበሌ ሱቅ በራፍ ላይ፣ ስኳርና ሳሙና መጥቷል ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ በተሰለፈበት ሰዓት ነው።

ጥፋቱ የፈረሱ አልነበረም፤ ይህን ሮበሌ ራሱ ይመሰክራል። የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ያን ዕለት ጠጋኝ መጥቶ ሽቦውን ሲያገናኘው፣ ሁለት ወር ሙሉ የታመቀ የሚመስል የሰልፍ መዝሙር ከምሰሶው ላይ ፈነዳ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ በጠባዩ ጭምት የሆነ ፈረስ ነው። ያን ጊዜ ግን ደንብሮ ሽው አለና፣ ሰልፈኛው ፊት ሲደርስ ደግሞ ባለበት ቀጥ አለ። ፈረሱ ሲቆም ሮበሌ አልቆመም። በፈረሱ ሁለት ጆሮዎች መካከል አልፎ ሄደና ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ ከሱቁ መስኮት ሥር ተዘረጋ።

ሰልፍ የምታስከብረው ሴትዮ ቁልቁል አየችው። «ወንድሜ፣ እኛም ገና ሳይነጋ ነው የቆምነው፤ ከኋላ ጀምር» አለችው።

ሮበሌ መነሳት አቃተው። ቢሆንም ሥራውን አልረሳም። ጡሩንባውን ከጭቃው ውስጥ ፈልጎ፣ በጀርባው እንደተጋደመ ነፋና፣ ከብስራተ ገብርኤል በታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ለሰልፈኛው ለፈፈ። ሟቹን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች እንባቸውን ጠረጉ፤ እንባው የሐዘን ይሁን የሳቅ ግን እስከ ዛሬ አልተለየም።

ሮበሌ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ነው። ላፍቶ የተወለደው የገብስ ማሳ በነበረችበት ዘመን ነው፤ ከተማው ነው ወደ እሱ የመጣው እንጂ እሱ ወደ ከተማ አልሄደም። ዕድሩ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ነጋዴውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም የያዘ፣ ቤቶቹ ግን እዚህና እዚያ የተበተኑ ነበር። አንዱ አባል ብስራተ ገብርኤል ቁልቁለት ላይ፣ ሌላው መካኒሳ ወንዝ ዳር፣ ሌላው ከለቡ ሜዳ ማዶ ነው። ይህን ሁሉ በእግሩ የሚያዳርስ ሰው ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ዕድሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞቱን ሲሰማ የኖረው በፈረስ ነው።

አሠራሩም ሥርዓት ነበረው። ሮበሌ በየመታጠፊያው ቦራን ያቆማል። አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ ሰው በሩን ይከፍታል። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ሲጨርስ አንዴ አጠር አድርጎ ይነፋል፤ ጨርሻለሁ ማለት ነው። በዚህች በአጭሯ ቦራ ይነሳል። ተረከዝ አያሻውም፣ አለንጋ አያሻውም፤ ጡሩንባዋን ከሰማ በገዛ ራሱ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄዳል። ሰውም ፈረሱም ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ጡሩንባ ማለት ሞት ማለት እንደሆነ ገብቶታል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡ ለስብሰባ ቶሎ አልወጣ ሲለው፣ የዕድሩ ጡሩንባ ይነፋልኝ ብሎ አዘዘ። ተነፋ። ሰውም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግጥም ብሎ መጣ፣ ግን ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር። ስለ ምርት ዘመቻ ሲነገራቸው ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሊቀመንበሩም ከዚያ ወዲህ ጡሩንባዋን ስሟንም አላነሳ።

እንግዲህ ሮበሌ ወድቆ ወገቡ ተቀጨ። ገዲሴ የምትባል ወጌሻ ሦስት ቀን አሸችው። በአራተኛው ቀን ተነስ አለችው፤ ተነሳ። ሂድ አለችው፤ ሄደ። አጥንቱ ምንም እንዳልሆነ፣ ከፈለገ ዛሬውኑ ፈረስ መጋለብ እንደሚችል ነገረችው። ሮበሌ ግን ዛሬ ይቅር፣ ነገ ይሻላል አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ቦራን ጭኖ አወጣው። ግራ እግሩን እርካብ ላይ አደረገና ቀና ሲል ኮርቻው የሰማይ ያህል ራቀበት። የሱቁ መስኮት፣ የሴትዮዋ ፊት፣ የሰልፈኛው ሳቅ አንድ ላይ መጡበት። እግሩን መልሶ አወረደ። ዘጠኝ ዓመት እንደ ደረጃ የወጣበትን ፈረስ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖረ ሰው፣ ፈራ። ደግሞ የሚፈራው መውደቁን ብቻ አልነበረም፤ ፈራ መባሉንም ነው።

ስለዚህ ፈረሱን አሳመመው። የቦራን የፊት ግራ እግር በጨርቅ ጠቀለለና ሰኮናው ስለተጎዳ ለጊዜው እየሳብኩት ነው የምሄደው አለ። ለማንም ሰው መልሱ ይኸው ሆነ። ሞት ሲመጣ፣ ሮበሌ ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ ቦራ በጤና እግሩ ላይ ጨርቅ ታስሮበት ከኋላ፣ በእግራቸው ለፈፋ ወጡ። ቦራ ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን አልተቃወመም።

ሚስቱ ተሾመች ጨርቁን ያጠበች ዕለት ነገሩ ሊፈርስ ደረሰ። ሮበሌ መልሶ ሲያስር ቸኩሎ ቀኝ እግሩ ላይ አሰረው። የዕድሩ ዳኛ ባሻ ከበበው በመንገድ አገኙት። ባሻ የድሮ ወታደር ናቸው፤ የኪስ ሰዓት አላቸው፣ የማያስተውሉት ነገር የለም። ፈረሱን አዩ፣ ሮበሌን አዩ፣ ሕመሙ ተሻገረ ወይ ብለው ጠየቁ። ሮበሌም ላቡን እየጠረገ፣ የፈረስ ሰኮና በሽታ ጠባዩ እንዲህ ነው፣ ይዞራል ብሎ አስረዳቸው። ተሾመች ማታ ይህን ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያም ሳቋን ገታ አድርጋ፣ በአራቱም እግር ዞሮ ሲጨርስ ወደ ማን እንደሚሄድ ጠየቀችው። ሮበሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር፣ የሸምሱ እናት እስኪሞቱ ድረስ። ሸምሱ መካኒሳ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሰው የማይቀየም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱ ንጋት ላይ አረፉ። የእስላም ቀብር ደግሞ ውሎ አያድርም፣ አይጠብቅም። ሮበሌ እየሮጠ ለፈፈ፤ እውነቱን ለመናገር ነፍሱ እስክትወጣ ነው የሮጠው። ለቡ ማዶ ሲደርስ ግን ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ከለቡ የተነሳው ዕድርተኛ ሲደርስ የሸምሱ እናት ተቀብረው ሰዉ እጁን ታጥቧል። ባለ ቢስክሌቱ ዑስማን እንኳ፣ ያ ዳቦ በየሱቁ የሚያድለው፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ የደረሰው ከቀብር ከሚመለሱት ጋር ነው።

በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ዕድሩ ሲሰበሰብ፣ ሸምሱ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እናቴን በአሥራ ሁለት ሰው ቀበርኩ» አለ። «ሮበሌን አልከስም፣ ፈረሱ ታሟል። ግን ዑስማን ቢስክሌት አለው። ነገ ለሌላው እንዲህ እንዳይሆን ነው የምለው።»

ዑስማን እሱ የሞት ነገር ሆዱን እንደሚያባባው፣ ስም ሳይጠራ ራሱ ማልቀስ እንደሚጀምር ቢናገርም የሰማው የለም። ሮበሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ሸምሱ ቢጮህበት፣ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ፈረሱ ታሟል ብሎ እንዳዘነለት ሲሰማ ግን ያ የታሰረው ጨርቅ በገዛ አንገቱ ላይ የተጠመጠመ መሰለው።

ያን ጊዜ እትዬ ወርቅዬ ከኋላ ተነሱ። እትዬ ወርቅዬ ሰማንያውን የተሻገሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የልብ ሕመም አለብዎ፣ መደንገጥ የለብዎትም ተብለው ከጤና ጣቢያ ከተመለሱ ስድስት ዓመታቸው ነው። በስድስቱም ዓመት ለሚያገኙት ሰው ሁሉ እየተሰናበቱ ኖረዋል፤ ብዙዎቹን የተሰናበቷቸውንም ራሳቸው ቀብረዋል። «ስድሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ቀብር ቀርቼ አላውቅም» አሉ። «እኔን በቢስክሌት ደወል ልትለፍፉኝ ነው?»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ነው ሮበሌን ያተረፈው። ባሻ ከበበው መዝገቡን አገላብጠው ፈረዱ። እስከሚመጣው ወር ስብሰባ ፈረሱ ድኖ ሮበሌ ከተቀመጠበት ጥሩ፤ አለዚያ ጡሩንባዋ ለዑስማን ትሰጣለች።

ሮበሌ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረና መለማመድ አለብኝ ብሎ ቆረጠ። ሰው ሳያይ። ለቡ ሜዳ በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከከብት በቀር ማንም የለበትም። ሰኞ ዕለት ቦራን ወስዶ ጨርቁን ፈታለት። ጉብታ ፈልጎ፣ ከጉብታው ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት ጊዜ አማትቦ ኮርቻው ላይ ተንሸራተተ። ተቀመጠ። ዓይኑን ገለጠ፤ አልወደቀም። ለነገሩ ቦራ ገና አልተንቀሳቀሰም።

አልንቀሳቀስም ማለቱ ነው ችግሩ። ሮበሌ በተረከዙ ነካ አደረገው፤ ቦራ ጅራቱን ወዘወዘ። በምላሱ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ቦራ ሣር ጋጠ። ለመነው፣ ቆጣ አለ፣ መልሶ ለመነው። ኋላ ላይ አፉን አሞጥሙጦ እንደ ጡሩንባ ለመጮህ ሞከረ። ቦራ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ለረጅም ጊዜ አየው። ሮበሌ ያን አስተያየት ከፈረስ ይቅርና ከሚስቱም አይቶት አያውቅም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያለ ጡሩንባ ቦራ አይሄድም።

ጡሩንባ ደግሞ ያለ ሞት አይነፋም። በዕድሩ ደንብ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ ሰው ሳይሞት ጡሩንባ የነፋ በዚያው ቅጽበት ያስረክባል። ሮበሌ ሌሊቱን አሰበና ማክሰኞ የተሾመችን አሮጌ ሻሽ ይዞ ሄደ። ሻሹን የጡሩንባዋ አፍ ውስጥ ጠቀጠቀና ነፋ። የወጣው ድምፅ የታመመ ጥጃ ድምፅ ነበር፤ ለቦራ ግን በቃው፣ ተነሳ። ሮበሌ የኮርቻውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደና ወረደ።  ሃያ እርምጃ ብቻ ነው፤ ግን ያን ቀን ራቱን በደንብ በላ። ረቡዕ ሜዳውን ግማሽ ድረስ ሄደ። ሐሙስ አንድ እጁን ለቀቀ።

ዓርብ ልቡ ሞላና ሳንባው እስከሚችለው ነፋ። ሻሹ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ አየር ላይ ተንሳፈፈ፣ ሣሩ ላይ አረፈ። ጡሩንባዋም አራት ቀን ሙሉ በሻሽ የታፈነውን ድምፅ ለለቡ ሜዳ ለቀቀችው። ጊዜው የምሳ እረፍት፣ የጸጥታ ሰዓት ነበርና ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ተሰማ። ሮበሌ ደንግጦ ወረደና ሻሹን አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቀና ሲል ግን ሁለት ሴቶች ከዳገቱ ላይ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እየሮጡ ሲመጡ አየ። ጤናዬና ጎረቤቷ ሙፊዳ ናቸው። ከዳገቱ ላይ ማን ነው እያሉ ነበር፤ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ብሏል።

እዚህ ላይ ሮበሌ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ሳቅ ያልቅ ነበር። ግን እውነቱ ሁለት ነገር ነው፤ ጡሩንባዋን አስረክባለሁ፣ ፈሪ እባላለሁ። ሙፊዳ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ንገረን እንጂ እያለች እጁን ትይዘዋለች። ሮበሌ አንድ ሟች በአስቸኳይ አስፈለገው። አእምሮው ሰፈሩን ሁሉ ዞረና ለሞት ቅርብ የሆነውን ሰው አወጣለት።

«እትዬ ወርቅዬ» አለ።

አፉ ሲዘጋ ሴቶቹ አጠገቡ አልነበሩም። እሪታቸውን ለቀውት፣ በአቋራጭ፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረው ወደ እትዬ ወርቅዬ ቤት ቁልቁል ይበራሉ። ሮበሌ ጡሩንባውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ መጣለት። አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው። ልብ አለባቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሁለት ሴቶች ወርቅዬ፣ ወርቅዬ እያሉ ደረት እየመቱ ቢገቡባቸው ምን ይሆናሉ? የዋሸው ሞት ሳይመሽ እውነት ሊሆን ነው።

እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ጉብታ አልፈለገም፣ አላማተበም። ኮርቻው ላይ ተገኘ፣ አጭሯን ነፋ፣ ቦራ ሽምጥ ጋለበ። ፈረሱ ዙሪያውን በድልድዩ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ከሴቶቹ መንገድ እጥፍ ይሆናል። አንድ ቦይ ተሻገሩ። ሮበሌ ቦዩን ያየው ከተሻገሩት በኋላ ነው።

ቦራ ግን ሥርዓቱን የሚያውቅ ፈረስ ነው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሮበሌ አንገቱ ላይ ተደፋ፣ ጋማውን ጨብጦ ተረፈ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ተረከዝ ሞከረ፣ ለመነ። ቦራ ለፈፋውን ይጠብቃል። ምን ይደረጋል? ጡሩንባዋን ነፋ። በሮች ተከፈቱ፣ ማነው የሞተው የሚል ጥያቄ ከየአጥሩ መጣ። ሮበሌም፣ ገና ነው፣ አጣርቼ እመለሳለሁ ብሎ አጭሯን ነፍቶ ነጎደ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ለፈፋ ሰምተው የማያውቁት ሰዎች የባሰ ደንግጠው ከኋላው ይወጡ ጀመር። በሁለተኛው መታጠፊያም ይኸው ሆነ፣ በሦስተኛውም። ወሬውን ሊያቆም የሚጋልበው ሰውዬ በየደረሰበት ወሬውን እየዘራ ሄደ። ባሻ ከበበው ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ሰዓታቸውን አውጥተው አዩትና፣ ኮታቸውን ደርበው ተከተሉ። ሸምሱም ሱቁን ዘግቶ ወጣ።

እትዬ ወርቅዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የጡሩንባዋን ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሲነሱ ሮበሌ አጥራቸው ጋ ደረሰ። ሴቶቹ ገና ወንዙ ዳር ናቸው፤ ጩኸታቸው ብቻ ይሰማል።

«ማን ነው የሞተው፣ ሮበሌ?» አሉ እትዬ ወርቅዬ።

«እርስዎ ነዎት» አለ ሮበሌ።

አሮጊቷ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡ። «መቼ?» አሉ።

«አሁን፣ ቅድም። እኔ ነኝ የገደልኩዎ። ይቀመጡ፣ እባክዎ አይደንግጡ።» ከፈረሱ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከና፣ እየተንተባተበ፣ ሻሹንም ፈረሱንም ሜዳውንም አንድ በአንድ ነገራቸው። እትዬ ወርቅዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። አልደነገጡም። እንዲያውም እሪታው እየቀረበ ሲመጣ ጆሯቸውን አቀኑና፣ ይህቺ ጤናዬ ናት፣ ድምጿ ጥሩ ነው፣ ሙፊዳ ግን ደክማለች አሉ። ቆይተውም፣ ከመካኒሳ በኩል ሰው የለም እንዴ ብለው ቅር አላቸው። ወዲያው ከመካኒሳ በኩል ሰው ሞልቶ ሲመጣ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

ግቢው ሞላ። ጤናዬ ሟቿን ከነሰፌዳቸው ስታያቸው ጩኸቷን አቋረጠች፤ ከዚያ ተንደርድራ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ከቅድሙ ብሳ አለቀሰች። ባሻ ከበበው ሕዝቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው መሐል ቆሙ። ማን ሞተ አሉ። ማንም። ታዲያ ጡሩንባ ማን ነፋ አሉ። ሁሉም ወደ ሮበሌ ዞረ።

ሮበሌ ተነሳ። ባሻን አልነበረም የሚያየው። ከኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመውን ሰው ነበር።

«ሸምሱ» አለ። «ፈረሱ አልታመመም። አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም። ፈርቼ ነው። ከወደቅኩ ወዲህ መውጣት ፈራሁ፣ ፈራሁ ማለትም አፈርኩ። እናትህን በአሥራ ሁለት ሰው ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።»

 ሊስቅ የነበረው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ሸምሱ ዓይኑን ከሮበሌ ላይ ሳያነሳ ቆመ።

ባሻ ከበበው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጡሩንባዋን አምጣ ማለታቸው ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ሮበሌም ሊሰጥ ሲል እትዬ ወርቅዬ ጣልቃ ገቡ። የተበደለው ሟቹ ነው፣ ሟቿ እኔ ነኝ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ አሉ። ባሻ መዝገቡን በልባቸው አገላበጡት። ሟች ይቅርታ ሊያደርግ ይችላል ወይ የሚል አንቀጽ አልተገኘም፤ አይችልም የሚልም አልተገኘም። ብዙ አሰቡና ፈረዱ። በስንት ሰፈር የተዘራ የሞት ወሬ አለ። ይህ ወሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ለቡ፣ በፈረስ ተዞሮ ይነሳ። ሮበሌ ከቻለ ጡሩንባዋ የእሱ ናት፤ ካልቻለ ዑስማን ቢስክሌቱን ያምጣ። ከሕዝቡ መሐል ዑስማን፣ እባክህ ቻል ሲል ተሰማ።

ሮበሌ ወደ ቦራ ሄደ። ቅድም የወጣው ሌላ ሰው ነበር መሰለኝ፤ ጭንቁ ነበር ያወጣው። አሁን ጭንቁ የለም። ያለው ኮርቻው ነው፣ ከበስተኋላው የሰፈሩ ሰው በሙሉ ነው። እጁ ኮርቻው ላይ፣ እግሩ መሬት ላይ ሆኖ ቆመ።  አንድ ጊዜ ሞከረና ተመለሰ።

በዚያ አገር እርካብ የሚያዘው ለትልቅ ሰው ነው። ለባላባት፣ ለሙሽራ፣ ለአባት። እትዬ ወርቅዬ ምርኩዛቸውን ለሙፊዳ ሰጡና በዝግታ ተራመዱ። ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ማለት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። በሁለት እጃቸው እርካቡን ይዘው ለሮበሌ አቀኑለት። ሮበሌ ሊያነሳቸው ጎተተ፣ ኧረ እባክዎ፣ ነውር ነው አለ፤ አልሰሙትም።

«ውጣ» አሉት። «እኔም እፈራለሁ፤ በየሌሊቱ ነው የምፈራው። የእኔ ቀን ሲደርስ ቀድሞ የሚወጣው አንተ መሆንህን ካወቅኩ ግን ትንሽ ይቀለኛል።»

 ሮበሌ አሮጊቷን እንደ ጎበጡ ሊያቆያቸው አልቻለም። እግሩን በእጃቸው ላይ እንዳያሳርፍ ተጠንቅቆ እርካቡን ረገጠ። በዚያኛው ጎን ሸምሱ መጥቶ የቦራን ልጓም ያዘ። ሮበሌ ዓይኑን አልጨፈነም። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ጀርባውን አቀና። ፍርሃቱ እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም። ግን ኮርቻው ላይ ለሁለቱም ቦታ ነበር።

ከየት ልጀምር ብሎ ሸምሱን ጠየቀው። ሸምሱ ልጓሙን ለቀቀና፣ «ከእኔ በር ጀምር» አለ። «ሚስቴ ዚነት አለመሞታቸውን አልሰማችም፤ ለለቅሶው ምግብ ጥዳ ይሆናል።»

ሮበሌ አጭሯን ነፋ፤ ቦራ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ የሸምሱ በር አጠገብ ረጅሟ ተሰማች፤ ቀጥሎም የሮበሌ ድምፅ እስከ እትዬ ወርቅዬ ግቢ ድረስ መጣ። የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ አለ፤ እትዬ ወርቅዬ አልሞቱም፣ ዛሬ ቀብር የለም። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ድምፁ በመታጠፊያው በመታጠፊያው እየራቀ ወደ ለቡ እስኪሻገር ድረስ ቆመው ሰሙ።